የሞተ ሰው ጉርድ ፎቶግራፍ

አሰጋሽ ባሏን ፍለጋ ፎቶ ቤቱ ስትደርስ ገና መንጋቱ ነበር። ተረፈ ሥራ ሲበዛበት ያመሻል እንጂ ውጭ አድሮ አያውቅም። በሩን ነካ ስታደርገው ተከፈተ። የፊተኛው ክፍል እንዳለ ነው፤ ሰማያዊው መጋረጃ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ፣ በመስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶዎች። ከኋላ ካለው ጨለማ ክፍል በር ሥር ግን ቀይ ብርሃን ወለሉ ላይ ፈሷል።

«ተሬ?» አለች።

በሩን ከፈተችው። ያን ጊዜ ያሰማችው ጩኸት ከሚዛን ተፈሪ ገበያ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተር ዓለምሸት ከቴፒ ተዛውሮ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ጊዜው 1992 ዓ.ም.፣ ወሩ ሰኔ ነው። ቀዩን ጭቃ ከጫማው እያራገፈ ገባ። ተረፈ ፎቶ ከሚታጠብበት ገንዳ ሥር በደረቱ ወድቋል። ማጅራቱን የተመታበት የካሜራ ማቆሚያ ብረት አጠገቡ ተጥሏል። ካሜራው አልተወሰደም፤ ኪሱም አልተነካም። ለመድረቅ ገመድ ላይ የተሰቀሉት ጉርድ ፎቶዎች ሁሉም ቁልቁል ሬሳውን የሚያዩ ይመስላሉ።

ኮንስታብል ብሩክ አንድ የፊልም ኔጌቲቭ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አየ።

«ጌታዬ፣ ይቺን ይመልከቷት። መሃሏ በመቀስ ተቆርጧል። የአንድ ሰው ፎቶ ጎድሏል።»

ዓለምሸት ኔጌቲቩን ተቀብሎ ሲያገላብጠው ቆየ። «ገዳዩ የመጣው ይህንን ፍለጋ ነው» አለ። «የገዛ ፊቱን።»

አሰጋሽ በረንዳው ላይ ጎረቤቶቿ ደግፈዋት ተቀምጣለች። ለቅሶዋ ጋብ ሲልላት ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«ተረፈ ከማን ይጣላል? ብቻ…» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ከትናንት ወዲያ ማታ ራቱን መብላት አቃተው። ምን ሆንክ ስለው ‹ዛሬ የሞተ ሰው ፎቶ አነሳሁ› አለኝ።»

«ለቅሶ ቤት ሄዶ ነበር?»

«ኧረ የትም አልሄደ! ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበር። ‹እርግጠኛ ልሁንና እነግርሻለሁ› ብሎ ዝም አለ። ጌታዬ፣ ተረፈ አንዴ ያየውን ፊት አይረሳም። ሕፃን ሆኖ ያነሳውን ልጅ ጎርምሶ መንገድ ላይ ቢያገኘው ‹አንተ የእገሊት ልጅ አይደለህም?› ይለዋል።»

ዓለምሸት የሬሳ ፎቶ ያስነሳ ሰው እንዳለ እንዲያጣራ ብሩክን በየሰፈሩ ላከው። ማንም አልነበረም።

በፎቶ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ስሟ ዙሌይካ ነው። ደንበኛ ትቀበላለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ የታጠበውን ፎቶ በፖስታ አድርጋ ትሰጣለች። ሥራዋን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከተማው «ኩሩ ናት» ይላታል፤ ትናንት አብሯት ሲሳሳቅ የዋለን ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ታልፈዋለች። ባንኮኒዋ ኋላ ስትቀመጥ ደግሞ ለገባው ሁሉ ፈገግ ትላለች።

«ትናንት ማታ ባትሪ ድንጋይ ልገዛ ወጥቼ ነበር» አለች ለኢንስፔክተሩ። «ስመለስ አንድ ሰው ከውስጥ ወጣ። ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት በርቶ ስለነበር ተረፈ እየሠራ መስሎኝ ሳልገባበት ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«መብራት ነበር?»

«የበረንዳው አምፖል በርቷል።»

«ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም። እንግዳ ሰው ነው።»

ለዓለምሸት ገዳዩን በብርሃን ያየ ምስክር ማግኘት ዕድል ነው። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ምን ይመስላል?»

«ቡናማ ኮት ለብሷል። ደረጃውን ሲወርድ ቀኝ ትከሻውን ጣል አድርጎ ነው፤ ሸክም የያዘ ይመስላል። ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል…»

«ፊቱን ነው የጠየቅኩሽ። አፍንጫው እንዴት ነው? ዓይኑስ?»

ልጅቷ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ዙሌይካ፣ ዓይኑ።»

«ዓይኑ… ሁለት ነው» አለች።

ብሩክ ሳያስበው ሳቀ። ዙሌይካ ግን ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሩ ረዳቱን በዓይኑ ገሠጸውና ጥያቄውን ተወው። ደንግጣ ነው ብሎ አሰበ።

ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች። «አንድ ነገር አለ። እንደምን አመሹ ብዬው ነበር። አልመለሰልኝም። ዝም ብሎ ቆሞ አየኝ። የሆነ ነገር እስክናገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።»

ከፎቶ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የጋሽ ባየ የናፍጣ ወፍጮ ነው። ባየ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ ከቆቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሷል፣ አፍና አፍንጫውን ለአቧራው ብሎ በፎጣ ጠቅልሏል። ለሐዘንተኛ የሚሆን ዱቄት ከፍሎ ለማንም ሳይነግር ለእነ አሰጋሽ ልኳል።

«እኔን አፈር ያስበላኝ!» አለ ዓለምሸትን ሲያይ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ወንድሜ ሲገደል አልሰማሁም። እስኪመሽ ስፈጭ ነበር። ይሄ ሞተር ሲጮህ ዓለም ቢገለበጥ አይሰማም።»

«እንግዳ ሰው ሲገባ አላዩም?»

«ዱቄት ውስጥ ያለ ሰው ምን ያያል ጌታዬ?»

ፍለጋው እንግዳ ሰው ላይ አተኮረ። ከሸኮና ከቱም ከተሞች በመኪና የገቡ፣ አልቤርጎ ያደሩ፣ ቡናማ ኮት የለበሱ ሁሉ ተጠየቁ። በሁለተኛው ቀን ብሩክ እየሮጠ መጣ።

«ሕዝቅያስ የሚባል ልጅ አለ ጌታዬ፤ ቡና ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥቶ ተረፈን ‹መስታወትህን እሰብረዋለሁ› ብሎታል።»

«ለምን?»

«የእጮኛውን የሔዋንን ፎቶ ሳያስፈቅድ መስታወቱ ውስጥ ሰቅሎባት ነው። ቡናማ ኮትም አለው።»

ሕዝቅያስ ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርብ አልደበቀም። «ተቆጥቻለሁ፣ እውነት ነው» አለ። «አላፊ አግዳሚው ቆሞ እያያት ነበር። ስነግረው ግን አወረደልኝ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። ተረፈ የተገደለ ዕለት ማታ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ ላይ ነበርኩ።»

መዘምራኑ ተጠየቁ፤ ሁሉም አብሮን ነበር አሉ። ዓለምሸት ግን አብረው የሚዘምሩ ጓደኛሞች እንደሚደባበቁ ገመተ። ሕዝቅያስን ከሌሎች ወጣቶች ጋር በግቢው አሰለፈው። ዙሌይካ ተጠራች። ዓይኖቿ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ በፍጥነት ሄዱ፤ ላብ አጠመቃት። ከዚያ ከፊት ወርደው ልብስ ላይ አረፉ። ቡናማ ኮት የለበሰው አንዱ ብቻ ነበር።

«እሱ ነው» አለች።

«እኔ?» አለ ሕዝቅያስ። «እህቴ፣ ደህና አድርገሽ እዪኝ እንጂ! እኔን አይተሽኛል?»

ዙሌይካ ዞራ ሮጠች። የሕዝቅያስ እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ እየወረደባቸው ከጣቢያው በር አልነቀል አሉ።

ገዳዩ ተይዟል ተብሎ ከተማው ሲረጋጋ የዙሌይካ ፍርሃት ግን ባሰ። ኮቱን ነበር ያወቀችው። ሰውየውን አላወቀችም። ይህንን ደግሞ ለማን ትናገራለች?

ከሥራ ወደ ቤቷ በምትሄድበት መንገድ ወንድ ሁሉ እሱ ሆነባት። ከኋላዋ የሚመጣው፣ ሱቅ በራፍ ላይ የቆመው፣ ከጭነት መኪና የወረደው። አንዱ «ሰላም ዙሌይካ» ሲላት ከንፈሯ ፈገግ ይላል፣ እርምጃዋ ግን ይፈጥናል። ገዳዩ አይቷታል፤ ያውቃታል። አጠገቧ ቆሞ ቢያዋራት ግን እሷ አታውቀውም። ማታ በሯን ከዘጋች በኋላ የመዝጊያውን መሸጎሪያ ደጋግማ በእጇ ትዳስሰዋለች።

አንድ አመሻሽ ላይ ከፎቶ ቤቱ ስትወጣ ጋሽ ባየ በዱቄቱ እንደ ነጣ ከወፍጮው ብቅ አለ። ስታየው ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የምታውቀው፣ ዱቄት ለብሶ ወፍጮው በራፍ ላይ ቆሞ የምታየውን እሱን ነበር።

«ፈርተሻል አይደል? ነይ፣ ልሸኝሽ» አላት በፎጣው ውስጥ።

ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ያዳልጣል። ክንዷን ያዘላት።

«ፖሊሶቹ ምን አሉሽ?»

«ምንም። ልጁን ይዘውታል።»

«ያ ልጅ ነው ግን? በደንብ አይተሽዋል?»

አፈረች። አላውቅም ብትል ሕይወቷን ሙሉ የደበቀችውን ልትናገር ነው። «እንዴታ ጋሽ ባየ! ፊት ለፊት ነው የተያየነው። የትም ባየው ለይቼ አወጣዋለሁ።»

የባየ እጅ ክንዷ ላይ ጠበቅ አለ።

«እንግዲያው ጎበዝ ነሽ» አላት። በሯ ላይ ትቷት ሄደ።

በማግስቱ ዓለምሸት የእረፍት ቀኑ ነበር። ያለ መለዮ፣ የዝናብ ካፖርት ደርቦ፣ ራሱን ተላጭቶ ከፀጉር አስተካካይ ሲወጣ አንድ ነገር ሊጠይቃት አስቦ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ አለ። የሟች ቤተሰብ ገና ያልተወሰደ የሰው ፎቶ ስላለ በሩን አልዘጉትም።

ዙሌይካ ቀና ብላ ፈገግ አለች። «እንኳን ደህና መጡ። ደረሰኝ ይዘዋል?»

ዓለምሸት ቀልድ መሰለው። ምንም ሳይናገር ቆመ። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን… ምን ይፈልጋሉ?» አለች። ዓይኖቿ የሚያመልጡበትን በር ፈለጉ።

ያን ጊዜ ገባው። ይቺ ልጅ እያሾፈች አይደለም። በቀደም ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ የጠየቃትን ሰው አላወቀችውም።

«ዙሌይካ፣ እኔ ነኝ። ዓለምሸት።»

ድምፁን ስትሰማ ባንኮኒው ላይ ተደፋች። ለቅሶዋ እስኪወጣላት ጠበቃት። ከዚያ ከኪሱ የሥራ መታወቂያውን አወጣ፣ ገመዱ ላይ ከቀሩት ጉርድ ፎቶዎችም ጥቂቶቹን አንስቶ ከመታወቂያው ጋር ደረደረ።

«ከነዚህ ውስጥ እኔ የትኛው ነኝ?»

ብዙ አየች። «ይሄ ኮፍያ ያለው… መለዮ ስለሆነ እርስዎ ነዎት። ኮፍያው ባይኖር አላውቅም።»

«ዓይንሽ ያምሻል?»

«ዓይኔ ደህና ነው። አፍንጫውንም ዓይኑንም አያለሁ። ግን አንድ ላይ ሆኖ ሰው አይሆንልኝም። ዞር ስል ይጠፋል።» እንባዋን ጠረገች። «ልጅ ሆኜ ገበያ ውስጥ እናቴን ሳጣት የሌላ ሴት ቀሚስ ይዤ ሄጃለሁ። ሰውን የማውቀው በልብሱ፣ በአካሄዱ፣ በድምፁ ነው። ተረፈ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ‹አይዞሽ፣ ደረሰኝ ጠይቂ፣ ፈገግ በይ፣ ማንም አያውቅብሽም› ይለኝ ነበር።»

«ሕዝቅያስን እንዴት ጠቆምሽው?»

«ኮቱ ቡናማ ነበር» አለች። «ያድኑኝ ጌታዬ። ማን እንደሆነ አላውቅም። በየቀኑ እየመጣ ሊሆን ይችላል።»

ዓለምሸት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ቡናማ ኮት የለበሰ አንድ ሰው ብቻ ያሰለፈው እሱ ራሱ ነበር። ከዚያም የባሰ ነገር ታየው። ይህን ሁሉ ቀን ከተማው የፈለገው እንግዳ ሰው ነው፤ እንግዳ ነው ያለችው ግን ማንም ሰው እንግዳ የሚሆንባት ልጅ ናት። ሰውየው ደረጃው ላይ ቆሞ የጠበቀው ስሙን እስክትጠራ ነበር።

«ሱቁን ዝጊና ከውስጥ ቆልፊ» አላት። «ብሩክን አሁኑኑ እልክልሻለሁ። ሲመጣ ስሙን በአፉ ይናገራል። ሌላ ለማንም እንዳትከፍቺ።»

ጣቢያ ደርሶ ብሩክን ላከ። ሕዝቅያስን ከእስር ቤት አስወጥቶ የጣቢያውን ደረጃ አስወረደው። ልጁ ትከሻው እኩል ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ደግሞ አስወረደው። ያው ነው።

ከዚያ እየተጣደፈ አሰጋሽ ጋ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ብዙ ነው፤ ወደ ጓዳ ወሰዳት።

«ተረፈ እዚህ ሳይመጣ የት የት ሠርቷል?»

«በየገበያው ሲዞር ነው የኖረ። ቱም ብዙ ቆይቷል፤ ሰርግ ያነሳ ነበር።»

«ቱም ውስጥ የሚያውቀው፣ ሞተ የተባለ ሰው ነበር?»

አሰጋሽ አሰበች። በድንገት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አንድ ሙሽራ ነበር! ሰርጉን ተረፈ ነው ያነሳው። በዓመቱ የሚስቱን ወንድም ገደለና ጠፋ። ልብሱ ወንዝ ዳር ተገኝቶ ሰጥሟል ተባለ። ተረፈ ሁሌ ያወራው ነበር።»

አልጋ ሥር ካለው ሣጥን ያንን ፎቶ ፈልጋ አወጣች። ቀጭን፣ ፀጉረ ብዙ ወጣት ከሙሽሪት አጠገብ ቆሟል። አይስቅም። ዓለምሸት ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰደው። ማንንም አልመሰለውም። ጎፈሬውን በአውራ ጣቱ ሸፈነ። አሁንም ማንንም አይመስልም። ከዚያ በሌላው እጁ ከዓይኖቹ በታች ያለውን ሸፈነው።

ሁለት ዓይኖች ቀሩ።

ዓለምሸት ፎቶውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

በዚያው ሰዓት ዙሌይካ የቀሩትን ደንበኞች ሸኝታ፣ መስኮቱን ዘግታ ወደ በሩ ስትሄድ ሰው ቀድሟት ገባ። ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፀጉሩን አበጥሮ የታጠበ ወፍራም ሰው ነው። አይታው አታውቅም። በሩን ከኋላው ዘግቶ ቆለፈው።

«ብሩክ ነህ?» አለች።

ሰውየው መልስ አልሰጣትም። ከግድግዳው ወዲያ የወፍጮው ሞተር ይጮኻል፤ የመስታወቱ ፎቶዎች ይንቀጠቀጣሉ። ብትጮህ ማን ይሰማታል? ሰውየው ወደ ባንኮኒው መጣ። ሲራመድ ቀኝ ትከሻው ጣል ይላል።

ቀርቧት ጎንበስ አለና ጆሮዋ ሥር ተናገረ።

«ዙሌይካ።»

ድምፁ የጋሽ ባየ ነበር።

ያ ክንዷን ይዞ የሸኛት ደግ ድምፅ ከማታውቀው ፊት ይወጣል። «ጋሽ ባየ?» አለች።

«ዛሬ ስሜን ጠራሽው» አለ። ሳቅ የለበትም። «የዚያን ዕለት ለምን አልጠራሽም?»

«አላወቅኩዎትም ነበር።»

«ሁለት ዓመት በየጠዋቱ እንደምን አደሩ የምትይኝን ሰው? ዓይን ለዓይን ተያይተን?»

«በአላህ ይሁንብኝ አላወቅኩዎትም!»

«አትዋሺ!» ባንኮኒውን መታው። «ለፖሊስ እንግዳ ሰው አልሽ። ያንን ምስኪን ልጅ ጠቆምሽ። እኔን ለምን አተረፍሽኝ? ምን ልታደርጊኝ ነው? እንቅልፍ ካየሁ ስንት ቀኔ! በየማለዳው ታይኝና ፈገግ ትያለሽ።»

«ለሁሉም ነው! ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ለሁሉም ነው ፈገግ የምለው!»

አላመናትም። እጁን ሲዘረጋ እሷ ከባንኮኒው ሥር ሾልካ ወደ ጨለማ ክፍሉ ገባች። ሊይዛት ተከተላት። ማብሪያውን ነካችው፤ ቀዩ አምፖል ጠፋ፤ በሩ በራሱ ክብደት ተዘጋ።

የፊተኛው ክፍል በርና መስኮት ስለተዘጋ በዚያ ክፍል ውስጥ የጣት ስፋት ያህል ብርሃን አይገባም። ባየ ከገንዳው ጋር ተጋጨ፣ ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረ፣ የኬሚካሉ ሽታ አፍንጫ ሰነጠቀ። ዙሌይካ ጠረጴዛው ሥር ተቀመጠች። የት ምን እንዳለ እጇ ያውቃል። ትንፋሹ ከላይዋ ይሰማታል።

«የትም እንደማትሄጂ ታውቂያለሽ» አለ። መዳፉ ጠረጴዛውን እየዳበሰ መጣ። «ተረፈም እንዳንቺ አታለለኝ። ‹ለመታወቂያ ያነሳሁህ ፎቶ ተበላሽቷል፣ ድጋሚ ና› አለኝ። ሥራ አቁሜ ታጥቤ መጣሁ። ሲያየኝ ሲያየኝ ቆየና የዱሮ ስሜን ጠራኝ። ተቀብሮ የኖረ ስሜን!»

ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨለማው ግን ያው ነው። በሆዷ ተሳበች። የሱሪው ጠርዝ ጉንጯን ነካው። ትንፋሿን ዋጠች። የበሩ እንጨት ሲነካት ብድግ ብላ ወጣች፣ ከውጭ ዘጋችው፣ የመሸጎሪያውን ብረት ደፍታ በትከሻዋ ተደገፈችው። ከውስጥ ባየ በሩን መደብደብ ጀመረ። እያንዳንዱ ምት አጥንቷ ውስጥ ይገባል።

የውጭው በር ተገንጥሎ ሁለት ወንዶች በዝናብ ርሰው ገቡ።

«አትቅረቡኝ!» ብላ ጮኸች። «ማን ናችሁ? አትቅረቡኝ!»

ፊተኛው ሰው ወዲያው ቆመ። እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ሁለተኛውንም አስቆመ።

«ዓለምሸት ነኝ» አለ፤ ሞተሩን ለማሸነፍ እየጮኸ። «ኢንስፔክተር ዓለምሸት። ድምፄን ስሚ። ይሄ ብሩክ ነው። ብሩክ፣ ተናገር።»

«ብሩክ ነኝ እህቴ» አለ ኮንስታብሉ። «መንገድ ላይ የወደቀ መኪና አዘገየኝ። ይቅር በይኝ።»

ያን ጊዜ ብቻ ከበሩ ላይ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ባየን በካቴና አስረው ሲያወጡት ወፍጮ ቤቱ ደጅ እህል ያመጡ ሴቶች ቆመዋል። «ጋሽ ባየ ሞተሩን አስነስቶ ጥሎን ወጣ እያልን ነበር» አለች አንዷ። ዓለምሸት ገብቶ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ከተማውን ሁሉ የሞላ መሰለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የባየ እርጥብ ጫማ በረንዳው ላይ ሲጥ ሲጥ ሲል ሁሉም ሰማው።

«ተረፈ በተገደለበት ማታም ሞተርህ ዝም ብሎ ነበር» አለው ዓለምሸት። «ባይሆንማ ይቺ ልጅ የጫማህን ድምፅ ከየት ትሰማው ነበር? እኔ ነኝ ያን ዕለት በደንብ ያልሰማኋት።»

ባየ አልተከራከረም። የተቆረጠውን ኔጌቲቭና ቡናማውን ኮት በሞተሩ ናፍጣ ለኩሶ አቃጥሏቸዋል። ዙሌይካ አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመ።

«እውነቷን ነው? አታውቀኝም ነበር?» ሲል ኢንስፔክተሩን ጠየቀ።

«አታውቅህም ነበር። አንተ ዝም ብትል ኖሮ መቼም አታውቅህም ነበር።»

ብሩክ ባየን ገፋ አድርጎ ወሰደው።

ሕዝቅያስ በዚያው ምሽት ተለቀቀ። ዓለምሸት እናቱን ከጣቢያው በር ላይ በእጁ አንስቶ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እሳቸው በአገሩ ቋንቋ በቤንችኛ የሆነ ነገር ተናግረው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። የቃሉን ትርጉም ብሩክ ሊነግረው አልፈለገም።

ቅዳሜ ዙሌይካ ብቻዋን ከከተማው ወጥታ እነ ሕዝቅያስ ቤት ሄደች። ኢንስፔክተሩ አብሮ ሊሄድ ጠይቋት እምቢ ብላለች። ግቢያቸው በቡናና በእንሰት የተከበበ ነው። ወንድሞቹ፣ የአጎቱ ልጆች፣ አብረውት የሚዘምሩ ጎረምሶች ጥላው ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። ሁሉም አወቋት። ቡናማ ኮት የለበሰ የለም።

ፈገግ ልትል ከንፈሯ ሊታዘዝላት ሲል ተወችው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች። «ሰው በፊቱ አላውቅም። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። ሕዝቅያስ የቱ ነው?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ዶሮ ግቢውን አቋርጣ አለፈች። እናትየው ከቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

መጨረሻ ላይ ከጥግ አንዱ ተነሳ። ቀጥ ብሎ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አሁንም አታውቂኝም?»

«አላውቅህም» አለች ዙሌይካ።

ሕዝቅያስ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ በቤንችኛ ተናገረ፤ የነገራቸው የዙሌይካን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው። አሮጊቷ ሰምተው ጨረሱ። ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ ለልጃቸው አጭር መልስ ሰጡት።

«ምን አሉ?» አለች ዙሌይካ።

«ትቀመጥ አለች።»